ከኡም ራኩባ እስከ ገዳሪፍ፦ ጣሳ ፍለጋ

ለዚህ እትም ስለ ፈተና ውጤት እንድንጽፍ ነበር የተጠየቅነው። እኛ ግን ስለ ጣሳ ልንጽፍ ነው። አዎ፣ ስለ ወተትና ስለ ሳልሳ ጣሳ። ነገሩ ከትምህርት ቤት ጋር ምን እንደሚያገናኘው ወረድ ስትሉ ታዩታላችሁ።

ጊዜው ጥር 2015 ዓ.ም. ነበር። ሦስት ሆነን ተነሳን። ሁለታችን የካምፑ መምህራን ነን፤ ሦስተኛው አገር ቤት ሳለ የመኪና አካል ሲቀጠቅጥ የኖረ ጎረቤታችን ነው። ልጆቹ «ጋሽ ቆርቆሮ» ይሉታል፣ አይቀየምም። የመውጫ ፈቃዳችንን በላስቲክ ጠቅልለን፣ ዳቦና ውኃ ይዘን፣ ጎህ ሲቀድ አስፋልት ዳር ቆምን። ሁለት ሰዓት ያህል ከጠበቅን በኋላ አንድ ቦክሲ ቆመልን። ቦክሲ የሚሉት ከኋላ ሰው የሚጫንባትን ፒክአፕ ነው። ከሁለት ፍየሎችና ከአንድ ጆንያ ሽንኩርት ጋር ተደራርበን ተሳፈርን።

ስለምንኖርበት ስፍራ ጥቂት እንበል፤ ልጆቻችን ስሙን ይጠሩታል እንጂ ብዙዎቹ ትርጉሙን አያውቁትም። በሱዳን ዓረብኛ «ራኩባ» ማለት ከአገዳና ከሣር የተሠራ ዳስ ነው። «ኡም» እናት ናት። የዳስ እናት እንደማለት ነው። ስሙ ከእኛ በፊት የነበረ ቢሆንም ለእኛ የወጣ ነው የሚመስለው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜም ኢትዮጵያውያን እዚሁ ሰፍረው ነበር። ወደ እስራኤል ለመሻገር ከጎንደር ገጠሮች በእግራቸው የመጡት ቤተ እስራኤላውያንም ከነሱ መካከል ነበሩ፤ ብዙዎቹ በበሽታና በረሃብ እዚህ ቀርተዋል። ያ ካምፕ ተዘግቶ ኖሮ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ብዙዎቻችን ሐምዳይት ላይ ሰቲትን ተሻግረን ስንመጣ እንደገና ተከፈተ። ሰቲት ማለት እኛ ተከዜ የምንለው ወንዝ ነው፤ ድንበሩን ሲሻገር ስሙን ይለውጣል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ቱናይድባ ተከፈተ። እዚያ ዘመድ የሌለው ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው።

የመጀመሪያዋ ከተማ ዶካ ናት። እዚህ ያሉ እናቶች ኪስራ የሚጋግሩበትን ምጣድም «ዶካ» ይሉታል። ኪስራ ከማሽላ ሊጥ ይጋገራል፤ እንደ እኛው እንጀራ ይቦካል፣ ግን እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፣ ዓይንም የለውም። ጋሽ ቆርቆሮ ይህን ሲሰማ «ታዲያ በምጣዱ ላይ እየሄድን ነዋ!» አለ። ገና በጥር ፀሐዩ እንደዚያ ከሆነ እውነቱን ነው።

ከዶካ ወዲያ እስከ ገዳሪፍ ድረስ ሜዳ ነው። ማሽላው ታጭዶ ቀሪው አገዳ እንደ ጦር ቆሟል። ሰሊጡ ቀደም ብሎ ተነስቷል። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ክረምት ላይ ጫማ የሚያወልቀው ጥቁር አፈር በበጋ ስንጥቅጥቅ ይልና ስንጥቁ የልጅ እግር ይውጣል። ይህን አፈር አስታውሱት፣ በኋላ እንመለስበታለን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ለረጅም ጊዜ አንድ ዛፍ ሳናይ ሄድን። ከሰማዩ በታች አገዳ ብቻ።

ይህ ሜዳ ከጥንት እንዲህ አልነበረም። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለሠራዊታቸው እህል ሲፈልጉ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ ገዳሪፍ ላይ በትራክተር ማረስ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ እርሻው እየሰፋ፣ ግራሩ እየተመነጠረ መጣ። ታልሕ የሚሉት ግራር አለ፤ እንጨቱ ለከሰል ይመረጣል፣ የሱዳን ሴቶችም ጭሱን ይታጠኑበታል። ሙጫው የሚሸጠው ደግሞ ሐሻብ ነው። እነዚህ ዛፎች ዛሬ የቀሩት በየኾሩ ዳር፣ ማለት በክረምት ብቻ ውኃ በሚወርድባቸው ጅረቶች አጠገብ፣ ከትራክተር ባመለጡ ኮረብታዎች ላይና ባለቤት ባላቸው ቦታዎች ነው። እንግዲህ በሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ በአንድ ጊዜ መጥቶ ሦስት ጉልቻ ጎለተ። ያገሬው ሰው መጀመሪያ እህሉን ሳይቀር አካፈለን፣ ይህን የሚረሳ የለም። ዛፉን ስንነካ ግን ዓይኑ ተለወጠ። ተቆጣ ብለን አንፈርድበትም። ለእሱም ያው እንጨት ነው ያለው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ጉዳይ እንምጣ።

አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችን። ጎበዝ ናት፣ በተለይ በሒሳብ። ግን ማክሰኞና ዓርብ ትቀራለች። ሁለት ጊዜ መከርናት። ዝም አለች። በሦስተኛው ፀሐይ ላይ አንበረከክናት። ያን ጊዜም ዝም አለች። በማግስቱ እናቷ መጡ። ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፣ ሲጮኹ ሰምተናቸው አናውቅም። የልጅቷን እጅጌ ከፍ አድርገው ክንዷን አሳዩን። ከክርኗ በላይ በልዟል። «መምህር፣ እንጨት ስትለቅም ነው የያዟት። ምሳሩንም ነጠቋት። እግዜር ይስጠው በእግሯ አምልጣ መጣች። እናንተ ደግሞ ጨመራችሁላት» አሉን።

ምን እንላለን? ይቅርታ ጠየቅን። ለልጅቷም በክፍሏ ፊት ይቅርታ ጠየቅናት፤ መምህር በተማሪ ፊት ይቅርታ ሲጠይቅ ያላየ ክፍል ትንፋሹን ውጦ ነበር። ከዚያ የስም መጥሪያውን መዝገብ አወጣንና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን አየነው። ለካ ነገሩ ሁሉ ፊታችን ተጽፎ ነበር! በየሰፈሩ ያሉ ሴቶች ለደኅንነታቸው ብለው በቡድን ነው ለእንጨት የሚወጡት። ሰፈሩ ቀን አለው። በሰፈሩ ቀን የሰፈሩ ሴት ልጆች ይቀራሉ። ወንዶቹ ግን አይቀሩም። ቀይ እስክሪብቶ ይዘን «ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ» እያልን ስንጽፍ የከረምነው የእንጨት ለቀማ ፕሮግራም ኖሯል።

እንጨት ማስቀረት አንችልም፤ ሳይበስል የሚበላ ማሽላ የለም። ግን አንድ ሸክም እንጨት ሦስት ቀን የሚያደርስ ከሆነ፣ ሳምንት እንዲያደርስ ማድረግ ይቻል ይሆን? እኛ የተነሳነው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ የሞከርነው ጭቃ ነው። አገር ቤት የጭቃ ምድጃ ያላየ የለም። ያንኑ ዋልካ አፈር ረግጠን፣ ቆንጆ ምድጃ ሠርተን፣ ጥላ ላይ አደረቅነው። በአምስተኛው ቀን ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በእርሻው ላይ ያለው ስንጥቅ ምድጃችንም ላይ መጣ። ጭድና የአህያ ፋንድያ ብንጨምርበት ተሻለ፣ ግን የክረምቱ ጎርፍ ድንኳን ውስጥ ገብቶ አፈረሰው። ሌላም ነገር አለ። ስደተኛ ምድጃውን ተሸክሞ መነሳት መቻል አለበት። ከድንኳን ወደ ጎጆ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር ስንዛወር ስንቴ ነው ጉልቻ የጎለትነው?

ትምህርት ቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ስለ ምድጃ የምታወራ አንዲት ሥዕል የበዛባት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረች። ላሪ ዊኒያርስኪ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቀየሰው ምድጃ አለ፤ «ሮኬት» ብለው ነው የሰየሙት። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ክርን የመሰለ ጠባብ ጉሮሮ አለው። እንጨቱ በጎን ይገባል፣ ነበልባሉ በጉሮሮው ሽቅብ ይወጣል። ጉሮሮው ስለሚግል ጭሱ ራሱ ተቃጥሎ እሳት ይሆናል። ጭስ ማለት ያልነደደ እንጨት ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ ያ ሁሉ እናቶቻችንን የሚያስነባ ጭስ፣ ልጆቻችን በአሥር ጣታቸው ለቅመው ያመጡት እንጨት ሳይነድ ሲበን ማለት ነው።

ለዚህ ነው ጣሳ ፍለጋ የሄድነው። ድሮ የእርዳታው ዘይት በጣሳ በነበረ ጊዜ ቢሆን ካምፓችን ራሱ ገበያ ነበር፤ በፕላስቲክ መምጣት ሲጀምር ጣሳ ወርቅ ሆነ።

ገዳሪፍን ከሩቅ የምትለየው በእህል ጎተራዋ ነው። ሲሎ የሚሉት ያ ግዙፍ ግንብ ከከተማው በፊት ይታያል። በመኸር ጊዜ ገበያው ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል፤ የጭነት መኪናው፣ ካሮ የሚሉት የአህያ ጋሪው፣ ረክሻው (እኛ ባጃጅ የምንለው) ሁሉ ወደ እህል ገበያው ይተማል። በየጥጉ ሻይ የሚሸጡ ሴቶች ዝቅ ባለች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ ስታዋራ አነጋገሯን ሰማንና ቆምን። የጎንደር ሰው ናት፣ እዚህ ብዙ ዓመት ኖራለች። ጀበናው እዚህም ጀበና ነው የሚባለው፤ ቡናው ውስጥ ግን ዝንጅብል ይጨምሩበታል። እኛ ዝንጅብል የሌለው አፈላችልን። «ወንድሞቼ፣ ይሄ ካኑን ነው የበላኝ» አለች የከሰል ማንደጃዋን እያሳየች። የቡናው ትርፍ ለከሰል ነው የሚሄደው ማለቷ ነው። ካኑን ከቆርቆሮ የተሠራ ግድግዳው ስስ ማንደጃ ነው። እሳቱ የሚያሞቀው ጀበናውን ብቻ ሳይሆን ገዳሪፍንም ጭምር ነው። አዲስ አበባ ላይ «ላቀች» የሚባለው ምድጃ በቆርቆሮው ውስጥ የሸክላ ሽፋን ያለው ለዚህ ነበር፤ ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ያቆየዋል። ይህን ስንነግራት «ታዲያ አምጡልኛ!» አለችን። የጀመርነውን ሳንጨርስ ሁለተኛ ትዕዛዝ ተቀበልን።

የቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ መደዳ ከገበያው ጀርባ ነው። ሳትደርስ ትሰማዋለህ። መርካቶ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው እዚያ እንግድነት አይሰማውም፤ በርሜሉ ገንዳ ይሆናል፣ ጣሳው ኩባያ ይሆናል፣ የሚጣል ነገር የለም። አንድ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሽማግሌ ቀጥቃጭ አገኘን። የሚቀጠቅጡት በቁራጭ የባቡር ሐዲድ ላይ ነው። ጋሽ ቆርቆሮ ሐዲዱን አይቶ አጎንብሶ ዳሰሰው፤ አገር ቤት የነበረውም ያው እንደዚህ ዓይነት ነበር። የሁለቱ ቋንቋ ባይገጥምም በመዶሻው ተግባቡ። እኛ መምህራኑ በተሰባበረ ዓረብኛ የምንፈልገውን ለማስረዳት አፈር ላይ ሥዕል ሣልን። ሽማግሌው ሥዕሉን ትክ ብለው አዩና፣ «ያ ኡስታዝ፣ ይሄ ምድጃ ነው ወይስ የውኃ ቧንቧ?» አሉን። ካኑን ይሻላችኋል ብለው ብዙ ተከራከሩን። በመጨረሻ የትንሽ ጣሳ ክምራቸውን ከፍተው «ምረጡ» አሉ። ለጣሳዎቹ የጠየቁን ዋጋ ትንሽ ነበር፤ ለምክር ግን አንድም ሳንቲም አላስከፈሉንም፣ ምክሩም ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ልብ ብላችሁ አንብቡ።

የእርሻ መድኃኒት የነበረበትን ጣሳ እንዳትነኩ። በገዳሪፍ ዙሪያ ለማሽላውና ለሰሊጡ የአረምና የተባይ መድኃኒት በብዛት ይረጫል፤ ባዶ ጣሳውና ጀሪካኑ በየማሳው ወድቆ ይገኛል። ታጠበም አልታጠበም፣ ለምድጃም ለውኃም አይሆንም። የቀለም ጣሳም እንዲሁ። ነጭ የሚያብረቀርቅ የዚንክ ቆርቆሮ፣ የቤት ክዳኑ ዓይነት፣ እሳቱ በሚነካው ቦታ አይግባ፤ ዚንኩ ሲግል የሚወጣው ጭስ ያማል። የወተት፣ የሳልሳ፣ የዘይት ጣሳ ብቻ። ሽማግሌው ከክምራቸው ውስጥ አንዱን አሽትተው በንዴት ወረወሩት።

ስንመለስ በመንገዱ ላይ ከነበሩት ኬላዎች በአንዱ ላይ ጆንያችን ተፈተሸ። ሦስት ጎልማሶች፣ አንድ ጆንያ ባዶ ጣሳ። ፈታሹ ግራ ተጋባ። አንደኛውን ጣሳ አንስቶ ውስጡን አየ፣ ሌላውንም አየ። «ባዶ ነው» አለ። «አዎ» አልን። «ሁሉም?» «ሁሉም።» በመጨረሻ አዘነልን መሰለኝ፣ አሳለፈን።

አሠራሩን እንናገር። አንድ ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ያስፈልጋል፤ አፉ ከ18 እስከ 20 ሳ.ሜ. የሚሆን፣ ማለት አንድ ስንዝር ገደማ። አፋቸው 10 ሳ.ሜ. የሆነ ሦስት ትናንሽ ጣሳዎች ይጨመራሉ። መሣሪያው የቆርቆሮ መቀስ፣ መዶሻ፣ ሚስማርና ፒንሳ ነው፤ መቀስ ከሌለ በአሮጌ ቢላዋና በመዶሻ ይቆረጣል። እጃችሁን በጨርቅ ጠቅልሉ፣ የጣሳ ጠርዝ ምላጭ ነው። በትልቁ ጣሳ ጎን፣ ከወለሉ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ፣ ትንሹ ጣሳ ልክክ ብሎ የሚገባበት ክብ ይቀደዳል። በመጀመሪያው ትንሽ ጣሳ ጎን ላይም እንደዚሁ። ይህ ጣሳ ታቹን እንደያዘ መካከል ላይ ይቆማል፤ ሁለተኛው ታቹ ተቆርጦ በላዩ ላይ ይሰካል፤ ሁለቱ ጉሮሮ ናቸው። ሦስተኛው ሁለት ጫፉ ክፍት ሆኖ ከውጭ በጎን ገብቶ ከጉሮሮው ጋር ይገናኛል፤ ይሄ አፉ ነው። በአፉ ውስጥ ከታች አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ብሎ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ መደርደሪያ ይገባል። እንጨቱ ከመደርደሪያው በላይ፣ አየሩ ከመደርደሪያው በታች። ብዙ ሰው ይህን መደርደሪያ ይንቀዋል፤ ያለ እሱ እንጨቱ አፉን ይደፍነውና እንደ ጉልቻው ይጨሳል። በትልቁ ጣሳና በጉሮሮው መካከል ያለው ባዶ ቦታ በደረቅ አመድ ይሞላል። ክዳኑ መሐሉ ተቀዶ ከላይ ይገጠማል።

በመጀመሪያው ምድጃችን ላይ ከአመድ ይልቅ አሸዋ ነበር የሞላነው፣ ይጠነክራል ብለን። ከበደ፣ ደግሞም እሳቱን ጠጣው። አሸዋና ጭቃ ሙቀት ይጠጣሉ፤ ድስቱ የሚደርሰው ከነሱ የተረፈው ነው። አመድ ግን በውስጡ አየር ስላለው ሙቀቱን አያሳልፍም። ቀላልም ነው። አመድ ደግሞ፣ እግዜር ይመስገን፣ በካምፓችን የሚጠፋ ነገር አይደለም።

ድስቱ ከጉሮሮው ምን ያህል ከፍ ይበል? እዚህ ላይ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ረዱን። ዝቅ ካለ እሳቱ ይታፈናል፣ ከፍ ካለ ሙቀቱ ይባክናል። ልኩ እሳቱ ሽቅብ የሚወጣበት ቀዳዳ ስፋትና በጎን የሚወጣበት ክፍተት ስፋት እኩል ሲሆኑ ነው። የ10 ሳ.ሜ. ክብ ስፋቱ 78.5 ካሬ ሳ.ሜ.፣ መጠነ ዙሪያው 31.4 ሳ.ሜ. ነው። ያንን ለዚህ ሲያካፍሉት 2.5 ሳ.ሜ. ይመጣል። ከዲያሜትሩ ሩብ ማለት ነው፣ በማንኛውም ጣሳ። ይህን መጀመሪያ ያገኘችው ያቺ ያንበረከክናት ልጅ ናት። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሠርታ ስትጨርስ ጠመኔውን አስቀምጣ ወደ ቦታዋ ሄደች፣ እኛን አላየችንም። ሦስት ረጃጅም ሚስማሮች 2.5 ሳ.ሜ. ከፍ ብለው ድስቱን እንዲሸከሙ አደረግን። በድስቱ ዙሪያም አንድ ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ የሚከብብ የቆርቆሮ ቀሚስ ብናለብሰው ሙቀቱ የድስቱን ጎን እየላሰ ይወጣል፤ ነፋስም አይወስደውም።

ምድጃውን ለእናቶች ስናሳይ አድናቆት ጠብቀን ነበር። አንዲት እናት ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ውኃው ቶሎ ሲፈላ ግን ዝም አሉ፤ የነደደው እፍኝ የማይሞላ ጭራሮ ነበር። ከዚያ ትችቱ መጣ፣ ትችቱም ሁሉ ልክ ነበር። አንደኛ፣ እንጨቱ ተፈልጦ ተፈልጦ እንደ ጣት መቅጠን አለበት፤ ግንዱን ገፍትሮ ሌላ ሥራ መሥራት የለም፣ እየቆዩ መግፋት ነው። ሁለተኛ፣ ገንፎ ሲማሰል ምድጃው ይወድቃል። ይህን እኛ ወንዶቹ ፈጽሞ አላሰብነውም ነበር! ቀላል እንዲሆን ብለን ደክመን፣ ቅለቱ ራሱ ጠላት ሆነ። መፍትሔውን ያመጡት ያው ሲተርቱብን የነበሩት እናት ናቸው። አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረው ምድጃውን አስቀመጡና፣ አፉን ነፃ ትተው፣ በሦስት ድንጋይ ወጥረው ያዙት። «አያችሁ፣ ጉልቻ አይቀርም» አሉን።

ሦስተኛው ትችት እንጀራ ነው። ለዚህ መልስ የለንም። የእንጀራ ምጣድ 60 ሳ.ሜ. ያህል ስፋት አለው፤ በ10 ሳ.ሜ. ጉሮሮ መሐሉ ያራል፣ ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። አገር ቤት በሲሚንቶና በቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ለዚህ ጥሩ ነበር፣ እሱ ግን ሸክም ነው፣ ሲሚንቶም ይፈልጋል። ለጊዜው አንዳንድ ሰፈሮች የጀመሩት ይሻላል፤ ምጣዱ አንዴ ከጋለ ሦስት አራት ቤት ተራ በተራ ሊጡን አምጥቶ ይጋግራል። እንጨቱ የሚያልቀው ምጣዱን ለማጋል ስለሆነ ቁጠባው ቀላል አይደለም። ቡሃቃውን ማን ቀድሞ ያምጣ የሚለው ጠብ ግን አለ፣ አንደብቅም።

ቆርቆሮው ዘላለማዊ አይደለም። የውስጠኛው ጉሮሮ ጥቂት ወራት ከነደደበት በኋላ ተበልቶ ይቀደዳል፤ ትልቁን ጣሳ ሳትጥሉ ውስጡን ብቻ ለውጡ። አመዱ በክረምት እንዳይረጥብ ቤት ውስጥ አሳድሩት። እሳት እያለበት ግን ወደ ቤት አታስገቡት! በዝግ ድንኳን ውስጥ ጭሱ ባይታይም ይገድላል፤ ከሰልማ ይበልጥ። የአገዳ ጎጆ ደግሞ በአንድ ፍንጣሪ እንደሚነድ ሁላችንም አይተናል። ከግድግዳው ቢያንስ ሦስት እርምጃ ራቁ።

ማሽላ አገዳ ቢነድበትስ ብላችሁ የጠየቃችሁን አላችሁ። ይነዳል፣ ግን ቶሎ ስለሚያልቅ አጎራሽ ሰው ይፈልጋል። ፖል ቬንደልቦ የሚባል ኖርዌያዊ በሰሜን ኡጋንዳ፣ የሱዳን ስደተኞች በነበሩበት አካባቢ፣ ከላይ ተለኩሶ ወደ ታች የሚነድ ጣሳ ሠርቶ ነበር፤ ሣርና ጭራሮ ሞልተው ይለኩሱታል፣ በላዩ ይነድዳል። «ፔኮ ፔ» ብለውታል፣ በአቾሊ ቋንቋ «ችግር የለም» ማለት ነው። እኛም አንድ ሞክረናል። ነደደ፣ ግን መሐል ላይ ማገዶ መጨመር ስለማይቻል ወጡ ሳይበስል ጠፋብን። ችግርስ ነበረበት።

ይህን ሁሉ ስንሠራ ሦስት ወር ሄደ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ገዳሪፍ በተፈናቃይ ሞላች፣ ትምህርት ቤቶቿ መጠለያ ሆኑ። ከካርቱም ሰሜን ጀይሊ ላይ ያለው የነዳጅ ማጣሪያ በዚያው ዓመት ሥራ ሲያቆም ጋዝ ጠፋ፣ የተገኘውም ኪስ የሚያራቁት ሆነ። ኦምዱርማን ላይ በቡታጋዝ ሲያበስሉ የኖሩ እመቤቶች ገዳሪፍ መጥተው ጡብ ጎልተው ማንደድ ያዙ። ከሰሉንም እንጨቱንም አብረን ነው የምንሻማው እንግዲህ።

ከእለታት አንድ ቀን ከዚያ መንገድ የመጣ አንድ ነጋዴ መልእክት አደረሰን። መነጽራቸውን በክር ያሰሩት ሽማግሌ «ለሐበሾቹ ኡስታዞች ንገርልኝ» ብለውታል። «ያ የውኃ ቧንቧችሁ ልኩ ስንት ነበር? እዚህ ሴቶቹ እየጠየቁኝ ነው።»

ልኩን በወረቀት ጽፈን ላክንላቸው። ወረቀቱን የጻፈችው እሷው ናት፣ በዓረብኛ ቁጥር። ማክሰኞ ነበር፣ ክፍል ውስጥ ነበረች። ዓርብ ግን ቀርታለች፤ እንጀራ አለና።

ማሳያው ምድጃ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ዳስ ይገኛል። ቅዳሜ ከቡና በኋላ ጋሽ ቆርቆሮ እዚያ አለ። ጣሳችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ሦስት ትንሽ፣ አንድ ትልቅ። አሽትታችሁ ኑ።